ሚካኤል አይመጣም

ደብረ ታቦር መናኸሪያው ጀርባ ፀጉር ቤት አለችኝ። ስሜ ፍቅርአዲስ አለምነው ነው፤ ሰዉ ግን «ቤሩት» ነው የሚለኝ። «ቤሩት፣ ዛሬ ወረፋ አለ?» «ቤሩት፣ እስቲ ይቺን መድኃኒት አንብቢልኝ፣ በዐረብኛ ነው የተጻፈባት።» ስምንት ዓመት እዚያ ኖሬ ስለመጣሁ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም። እውነቱን ልናገርና ለእኔም አይመስለኝም ነበር። ሰው ሲያርመኝ ደሜ ይፈላል። አሁን የምነግራችሁም ከዚሁ አውቃለሁ ባይነቴ የመጣ ጣጣ ነው።

ታናሽ እህቴ ካሰች ቤሩት ናት። የላክኋትም እኔ ነኝ። የዛሬ አራት ዓመት ወደ አገሬ ልመለስ ስል ማዳሜ «የምትተካሽ ሳታመጪ አትሄጂም» አለችኝ። እኔም እህቴን በቦታዬ አስቀምጬ መጣሁ። ያኔ አልከበደኝም። ማዳም ክፉ አልነበረችም፣ ደመወዙም በወሩ ይመጣ ነበር። ካሰች በገባች በጥቂት ወር ግን አገሩ ተገለባበጠ። ገንዘባቸው ረክሶ ወረቀት ሆነ፣ ባንኮቹ የሰዉን ገንዘብ ይዘው በራቸውን ዘጉ፣ ማዳም ደመወዝ አቆመች። ካሰች ውሏ አልቆ «ልሂድ» ስትል ደግሞ ስልኳንና ፓስፖርቷን ነጠቀቻት። አሁን ከዚያ ቤት የምትወጣው በቀን አንድ ጊዜ ነው። ጎህ ሲቀድ ባልየው ወደ ሱቁ ሲሄድ እሷ ከኋላው ቆሻሻ ይዛ እስከ ደጅ ትወርዳለች፣ ጥላው ትመለሳለች፣ በሩ በራሱ ይቆለፋል። በቃ።

ድምፅዋን የምንሰማው እሁድ እሁድ ነው። ማዳም በራሷ ስልክ ትደውልልንና ድምፁን ለቃ፣ ሶፋዋ ላይ እግሯን ሰቅላ አሥር ደቂቃ ታስወራናለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ማዳም አማርኛ ትሰማለች። ብዙ አይደለም፣ እኔው ያስተማርኋትን ያህል ነው። ልጆቿ ትንንሾች በነበሩ ጊዜ በረንዳው ላይ በጠመኔ እያሰመርኩ ሰኞ ማክሰኞ አጫውታቸው ነበር። እነሱ ሲዘሉ እሷ ሲጋራዋን ይዛ እየሳቀች ከሰኞ እስከ እሁድ ያሉትን ቀኖች ለቀመቻቸው። ቁጥሩንም እስከ ሠላሳ ታውቃለች። «ዛሬ»ና «ነገ»ንማ ተዉት፤ «ዛሬ መስኮት፣ ነገ ምንጣፍ» እያለች ነበር የምታዘኝ። ያኔ ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ኮርቼባት ነበር። እኔ ሞኟ!

ስለዚህ ከካሰች ጋር ስናወራ የቀን ስም አንጠራም፣ ቁጥር አንጠራም፣ ዛሬና ነገ አንልም። አውሮፕላንን «አሞራ» እንለዋለን። ቀኑን በታቦት ነው የምንጠራው፣ የገብርኤል ዕለት፣ የማርያም ዕለት እያልን። ማዳም የሰው ስም እየመሰላት ታልፈዋለች። ካሰችም ስልክ የላት፣ ካላንደር የላት፣ ቀኑን የምትይዘው በዚሁ ነው። ከእንቅልፏ ስትነሳ «ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው» ብላ ነው የምትነሳ። እናታችን ነፍሷን ይማረውና እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችን። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልሳተችም።

ስለ አሞራው መጀመሪያ የነገረችን በአዲስ ዓመት እሁድ ነው። አባባ የዚያን ዕለት ከእኔ ጋር ነበሩ። የሚኖሩት ጉና ሥር ነው፤ እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ በቅሏቸው ላይ ወጥተው የልጃቸውን ድምፅ ለመስማት ፀጉር ቤቴ ድረስ ይመጣሉ።

ካሰች «እንዴት ነህ ጉልበትህ» አትላቸውም፣ አንቱ ነው የምትላቸው፣ በቤሩት ኑሮም አልረሳችውም። «ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ አባባ?» አለች።

«ተመስገን ልጄ! ጳጉሜን ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰነበትሁ። የአሁኗ ጳጉሜ ስድስት ስለሆነች አንድ ቀን ተመረቀችልኝ። ጉልበቴ የተፍታታው በዚያች በስድስተኛዋ ቀን ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

ካሰች ሳቀች። «አምናለሁ እንጂ። እኔም እዚህ ቆጥሬያታለሁ፣ አላመለጠችኝም» አለቻቸው።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ በንዴት እግሬን አወዛውዛለሁ። አባባ ቁጥር እየጠሩ፣ አሥር ደቂቃችንም በጉልበት ወሬ አለቀ ብዬ ነው። ስልኩን ቀማኋቸው።

«እታለም» አለችኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አሞራው እያነሰ ነውኮ። ድሮ የቁርሱን ሰሃን አጥቤ እስክጨርስ በላይ በላዩ ይወርድ ነበር። አሁን ድስቱንም አጥቤ መስኮቱ ላይ ብቆም የለም።»

የወጥ ቤቱን መስኮት አውቀዋለሁ። አውሮፕላኑ ባሕሩ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያርፍ ሆዱ ይታያል። እኔም ስምንት ዓመት እዚያ መስኮት ላይ ቆሜ ተመኝቻለሁ። «ደመና ይሆናል» አልኳት። ደመና እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

ነገሩን ያስረዳችኝ ሀዋ ናት። ሀዋ ዑመር የዚሁ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፣ አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ቤሩት በየቤቱ እየዞረች ስለምታጸዳ እንደ ካሰች አልተቆለፈባትም፣ ስልኳም በእጇ ነው። በእኛ በኩል ኢንተርኔት ከክረምት ጀምሮ ስለጠፋ በተራው መስመር ነው የምትደውልልኝ፤ እሱም ሲያሻው ይቆረጣል።

«አየር መንገዶቹ እየሸሹ ነው» አለችኝ ጥቅምት ላይ። «ትኬቱን የሚሸጡት በዚህ አገር ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡን ደግሞ ከዚህ ካወጡት ማንም አይነካላቸውም። ማን በኪሳራ ይበራል? አንዱ ቢሮውን ዘግቶ ሄደ። አንዱ በየቀኑ የነበረውን በሳምንት ሁለት አደረገው። ሰዉ ቢሮው ደጅ ላይ ተሰልፎ ያድራል። ፍቅርዬ፣ ካሰችን ቶሎ ካላወጣናት እዚህ መቅረቷ ነው።»

አውሮፕላን ሳይኖር ከቤሩት እንዴት ይመጣል? በእግር የሚኬድ አገር አይደለም። ለትኬቱ አባባ በቅሏቸውን ሸጡ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ጉልበታቸው በእግራቸው እየመጡ ነው፤ አንድ ቀን አላማረሩም።

እያንዳንዱ እሁድ አሞራው እየቀነሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ ካሰች ራሷ ማንሳት ተወች። እኔም አልጠየቅኋትም።

ኅዳር በገባ በአራተኛው ቀን ሚሚን እየሠራሁ ሳለ ሀዋ ደወለች። ሚሚ ከጎኔ ልብስ የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ ስልኩን በትከሻዬ ያዝኩት።

«ፍቅርአዲስ፣ ስሚኝ፣ መስመሩ ሳይጠፋ። ተገኘ። ግን የመጨረሻው ነው። ኖቬምበር ሃያ አንድ። ከዚያ ወዲያ ወደ እኛ አገር የሚሄድ የለም፣ መቼ እንደሚጀምርም የሚያውቅ የለም። ለሁለታችን ያዝሁ። በፓስፖርቷ ፈንታ የምትሄድበትን የይለፍ ወረቀትም አውጥቼላት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጎህ ሲቀድ ታክሲ ይዤ ከሕንጻው ፊት ለፊት እቆማለሁ። ቆሻሻውን ጥላ ትምጣ ብቻ። አንቺ በእሁዱ ስልክ ንገሪያት፣ እኔ ላገኛት የምችልበት መንገድ…»

ተቆረጠ። መልሼ ብደውል አልገባም አለ።

«ምን አለችሽ?» አለች ሚሚ፣ ግማሽ ጭንቅላቷን ይዛ።

«ኖቬምበር ሃያ አንድ! ኅዳር ሚካኤል ማለት ነው!» ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከየት አመጣሽው አትሉኝም? ኖቬምበር ሃያ አንድ የማዳም ልደት ነው። ስምንት ዓመት ኬኳን የጋገርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የገባሁ ዓመት ሰው ጠይቄ፣ ቀኑ በእኛ ኅዳር ሚካኤል መሆኑን አረጋግጬ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እንቁላሉን እየመታሁ «ዛሬኮ አገሬ ሚካኤል ነው» እያልኩ አልቅሻለሁ። ይኼ እንዴት ይጠፋኛል?

«ለማንኛውም ካላንደሩን እይው» አለች ሚሚ። ካላንደሩ ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሏል። በየቀኑ ሥር የፈረንጁ ቀን በትንንሹ የተጻፈበት ነው።

«እንዴ! ከእኔና ካንቺ ቤሩት የኖረው ማነው?» አልኳት። «ቁጭ በይ፣ ጭንቅላትሽን አታንቀሳቅሺ።»

ሚሚ «ይቅርታ ማዳም» ብላ አፌዘችብኝ፣ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቀና ብል ይታየኝ ነበር፤ አንገቴን ቀና ማድረግ ብቻ ነበር። አላደረግሁትም።

በዚያ ሳምንት ሀዋ ዘንድ ደጋግሜ ደወልኩ። ቀኑን ልጠይቃት አልነበረም፣ ቀኑንማ አውቄዋለሁ፤ ድምፅዋን ልስማ ብዬ ነው። መስመሩ አልገባም።

እሁድ ደረሰ። አባባ አቧራ ለብሰው መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ማዳም ደወለች። ድምፄን የወሬ ድምፅ አስመስዬ፣

«ካስዬ፣ የሚካኤል ዕለት ሀዋ ልትጠይቅሽ ትመጣለች» አልኳት። «ጎህ ሲቀድ፣ ስትወርጂ፣ ከማዶ ቆማለች። ከእሷ ጋር አሞራው አለ።»

ቧንቧ ሲፈስ ይሰማኛል።

«የትኛው ሚካኤል? የኅዳሩ?»

«የኅዳሩ። ሌላማ የለም፣ አሞራውም ሌላ የለም። ገባሽ?»

«ገባኝ እታለም። ደርሷልኮ! በቃ ደርሷልኮ!»

ማዳም በዐረብኛ ገባችብን። «ይኼ ሚካኤል የምትሉት ማነው? ሁልጊዜ ስሙን ትጠራላችሁ። ወዳጇ ነው?»

«የሰፈራችን ልጅ ነው» አልኳት፣ እኔ መቼ መልስ አጥቼ። «ሊያገባት ይፈልጋል።»

ማዳም ሳቀች። «ይጠብቃታ! ባንኩ ሲከፈት እልካታለሁ» አለች። ባንኩ ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው።

ስልኩ ሲዘጋ አባባ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። «ሚካኤል ነው? ደግ ቀን ነው» አሉ። ቤት ውስጥ ጠቦት አስረውላታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያን ቀን ከሰዓት ጉና ላይ ጭጋግ ወርዶ አባባ ሲሄዱ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ሳይደርሱ ጠፉብኝ፣ እኔም ምን እንደሆነ የማላውቀው ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። የደስታ ነው ብዬ ተውኩት።

የሚካኤል ዋዜማ ጠዋት ፀጉር ቤቷን እየጠረግሁ ነበር። ኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን አይደል፣ የተቆራረጠውን ፀጉር፣ አሮጌውን ካርቶን፣ ሁሉን ደጅ ላይ ከምሬ ለነገ አዘጋጀሁ። ለካሰችም አልጋ አንጥፌያለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ሀዋ ናት።

«የት ናት?» አለችኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ማን?»

«ካሰች ናታ! ባልየው ወጣ፣ እሷም ወረደች። ቆሻሻውን ጣለች። በታክሲው መስኮት እጄን አወዛወዝሁላት፣ ቀና ብላ ሳታይ ተመልሳ ገባች! ልሮጥ ብል በሩ ተዘጋ። ዘበኛው አላስገባም አለኝ። ምን ሆና ነው? ፈርታ ነው? አልነገርሻትም?»

«ሀዋ፣ ነገ እኮ ነው» አልኳት። «ሚካኤል እኮ ነገ ነው።»

«የምን ሚካኤል? እኔ ስለ ሚካኤል ምን አውቃለሁ? ኖቬምበር ሃያ አንድ ነው ያልኩሽ። ዛሬ ነው ሃያ አንድ!»

ያኔ ቀና አልኩ። ካላንደሩ እዚያው ነው። የኅዳርን አሥራ ሁለት ፈለግሁ። ከሥሩ በትንንሹ ሃያ ሁለት ይላል። ከጎኑ ያለው አሥራ አንድ ሥር ነው ሃያ አንድ የተጻፈው። ዐይኔን አሸሁ። ያው ነው።

«ጳጉሜ ስድስት ስለሆነች አንድ ቀን ተመረቀችልኝ።» የአባባ ድምፅ ነው የመጣልኝ። ጳጉሜ ስድስት በሆነች ጊዜ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል፣ ሚካኤልም ከሃያ አንድ ወደ ሃያ ሁለት ያልፋል። በአራት ዓመት አንዴ ነው። እኔም ቤሩት ሳለሁ መቼም አንዱን ዓመት ሚካኤል ሳይደርስ አልቅሼ ይሆናል፣ ማን ነግሮኝ። የማላውቀው ያለ አልመሰለኝማ።

«ሀዋ ጠብቂያት፣ በእናትሽ!» ብዬ ጮኽኩ። «አሁን ማዳም ጋ ደውዬ አስወጣታለሁ።»

«በእናንተ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ እቆማለሁ» አለችኝ። «ከዚያ ካለፈ እኔም ቀረሁ ማለት ነው።»

ማዳም ጋ ደወልኩ። አይነሳም። መቼም ከአራት ሰዓት በፊት ተነስታ አታውቅም፣ ስልኳንም ድምፁን አጥፍታ ሳሎን ትታው ነው የምትተኛው፤ ይኼንንም አውቀዋለሁ፣ ሁሉን አውቅ የለ! ደወልኩ። ደወልኩ። ሚሚ ሱቋን ልትከፍት መጥታ ፊቴን ስታይ «ምነው? ምን ሆንሽ?» አለችኝ። በጣቴ ካላንደሩን አሳየኋት። አየችው፣ አፏን ያዘች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልኩ፤ አሥራ ሰባቱንም ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ሀዋ ደወለች። እያለቀሰች ነው። «ሄድሁ ፍቅርዬ። ይቅር በይኝ። አላህ ያውቃል፣ ከዚህ በላይ ብቆም…»

«ሂጂ» አልኳት። ምን ልበላት? የካሰች ይለፍ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እሱም አብሯት ሄደ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ አመለጣት የሚለው ብቻ ነበር። ቆይቶ ነው ሌላው የመጣልኝ፣ ሲመጣም እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ከአናቴ ጀምሮ ወረደብኝ። ካሰች ምንም አታውቅም። ቀኑን አልሳተችም፣ በልኩ ቆጥራለች። ነገ የሚካኤል ዕለት ጎህ ሲቀድ ቆሻሻውን ጥላ፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ፣ መንገዱን ትሻገራለች። ከማዶ ታክሲ የለም። ሀዋ የለችም። ወረቀት የላትም፣ ስልክ የላትም፣ የማንንም ቁጥር አታውቅም። ተመልሳ ብታንኳኳ ልትጠፋ እንደነበር ይታወቅባታል። ባታንኳኳ መንገድ ናት። በዚያ በተራበ አገር መንገድ ላይ የቀሩትን ልጆች ሀዋ ነግራኛለች፣ አልደግመውም።

ማስቀረት አለብኝ። ማስቀረት የምችለው ደግሞ በማዳም ስልክ ነው፣ ማዳም እየሰማች።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ራሷ መልሳ ደወለች። «ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተባችሁ? አሥራ ሰባት ጊዜ!»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «እንኳን ተወለድሽ ልልሽ ነዋ!» አልኳት በዐረብኛ። «ዛሬ ልደትሽ አይደል?»

ድምፅዋ ለሰለሰ። «ማንም አላስታወሰኝም» አለች። «ባሌም አላስታወሰኝም። ዘንድሮ ኬክ የለ፣ ምን የለ። አንቺ ታስታውሻለሽ!» አዘንኩላት ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ለአንድ አፍታ አዝኜላታለሁ።

«እስቲ ካሰችን አንድ ጊዜ ስጪኝ» አልኳት። «ያ ልጅ፣ ሚካኤል የምልሽ፣ መልእክት ልኮላታል።»

«ኦ፣ ሚካኤል!» ብላ ሳቀች። «ካሰች! ነዪ፣ ባልሽ መልእክት ልኮልሻል!»

የካሰች እግር በሳሎኑ ወለል ላይ ሲሮጥ ሰማሁት።

«እታለም! ደህና ናችሁ? አባባ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ካስዬ ስሚኝ፣ ሳታለቅሺ ስሚኝ። ሚካኤል አይመጣም።»

«ኧረ? ምን ማለትሽ ነው? ዋዜማው ላይ ነን እኮ። ቆጥሬ ጨርሻለሁ።»

«አንቺ አልተሳሳትሽም። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። ሀዋ በዋዜማው መጥታ ነበር። አላየሻትም። አሞራው እሷን ይዞ ሄደ።»

ፊቷን አይታ ነው መሰለኝ ማዳም ከኋላዋ «መስኪና» አለች፣ ምስኪን ማለቷ ነው፣ ሚካኤል የከዳት መስሏት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን።

«ሌላ አሞራ አለ?» አለችኝ።

መዋሸት ነበረብኝ። አለ፣ በገና አለ፣ በጥምቀት አለ ማለት ነበረብኝ። አፌ አልታዘዘኝም።

«የለም አይደል?» አለች ካሰች። ድምፅዋ አሁን የልጅ አይደለም። «የለም። እኔ ግን እዚህ አልቀመጥም እታለም። አራት ዓመቴ ነው። ሚካኤል ቢመጣም ባይመጣም እኔ እወጣለሁ። እወጣለሁ በቃ!»

«ካሰች ተይ!»

«እወጣለሁ!»

«ነገ እንዳትወጪ!» ብዬ ጮኽኩ።

ወጣ ከአፌ። ሲወጣ አየሁት፣ ልመልሰው አልቻልኩም።

የሶፋው ሞላ ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ማዳም ተነሳች ማለት ነው። ከዚያ ድምፅዋ ከስልኩ አጠገብ መጣ። በአማርኛ ነው። በራሴ አነጋገር፣ እኔው በረንዳው ላይ እየደጋገምኩ ባስያዝኳት፣ መጨረሻውን ሳብ በሚያደርገው በእኛ በደብረ ታቦሮች ቅላጼ።

«ነገ?»

«ነገ ምን?» አለች፣ አሁንም በአማርኛ። መስመሩ ተዘጋ።

በሚካኤል ጠዋት ከተማው ሁሉ ጭስ ነበር። በየደጁ ቆሻሻው ይነድዳል፣ ሰዉ ዐይኑን እያሸ እንኳን አደረሳችሁ ይባባላል። አባባ ከጭሱ ውስጥ ብቅ አሉ፣ ነጠላቸውን አዋድደው፣ ልጃቸው ከዚያ ቤት ወጣች የሚለውን ሊሰሙ። የማዳም ስልክ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ደጄ ላይ የከመርኩትን ሳላቃጥለው ቀርቻለሁ።

ሁሉን ነገርኳቸው። ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ካላንደሩን አውርጄ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጬ፣ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር በጣቴ እያሳየሁ፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ቀኑ እንዴት እንደሚገፋ አስረዳኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝም እሺ ነበርኩ።

አባባ የፈረንጁን ቁጥር አያነቡም። ቢሆንም ብዙ ጊዜ አዩት። «ቤቷ ውስጥ ናት ወይስ ወጥታለች?» አሉኝ።

«አላውቅም አባባ።»

ይኼን ቃል በዚያ ፀጉር ቤት ውስጥ ከአፌ አውጥቼው የማውቅ አይመስለኝም።

እሁድ ደግሞ መጡ። በእግራቸው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ፊት ለፊቱ ተቀመጥን። ማዳም የምትደውልበት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። ሚሚ በበሩ ብቅ ብላ አየችንና ሳትገባ ተመለሰች። አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያሻሹታል።

«እሷማ ታውቀው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጳጉሜን። ቆጥሬያታለሁ፣ አላመለጠችኝም ብላኝ አልነበር?»

«ብላለች አባባ።»

«እኔም አንድ ቀን ተመረቀችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ።

እስኪመሽ ተቀመጥን። አልደወለችም።